ልጆች ይዞ ዓሣ ማጥመድ፦ በሞቃት ወራት ለወንዝና ለሐይቅ ዳር ውሎ ዝርዝር መመሪያ

ልጆች ይዞ ዓሣ ለማጥመድ መውጣት ብቻን ከመውጣት ጋር አይገናኝም። ብቻውን የሄደ ሰው አንድ ትልቅ ዓሣ ሲጠብቅ ቢመሽበት ቅር አይለውም። የስድስት ዓመት ልጅ ግን ሃያ ደቂቃ ሙሉ ምንም ካልነካላት ውሃው ውስጥ ድንጋይ መወርወር ትጀምራለች። አይፈረድባትም። ስለዚህ ዕቃ ከመሸከፋችሁ በፊት የቀኑን ግብ ወስኑ፦ የምንፈልገው ትልቅ ዓሣ ሳይሆን ብዙ ትናንሽ ዓሣ ነው። ቦታውም፣ ሰዓቱም፣ ዘንጉም የሚመረጠው በዚህ ልክ ነው።

ሌላው ውሳኔ ማጥመድ ለሚወድ ሰው ትንሽ ይከብዳል። አዋቂው የራሱን ዘንግ ቤት ይተወው። ልጆችን ማስጠመድ ማለት የተወሳሰበ ክር መፍታት፣ ትል መሰካት፣ መንጠቆ ማላቀቅ፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ የተወሳሰበ ክር መፍታት ነው። የራሱን ተንሳፋፊ፣ ማለትም ክሩ ላይ ታስሮ ዓሣ ሲነካ የሚሰምጠውን ምልክት፣ እያየ ልጅ የሚጠብቅ ሰው ሁለቱንም በቅጡ አያይም። ለአንድ አዋቂ ሁለት ልጅ ይበቃል። ሦስተኛ ካለ ሌላ አዋቂ ይጨመር።

መጀመሪያ ፈቃድ፣ ቀጥሎ ቦታ

የማጥመድ ሕግ ከአገር አገር፣ አንዳንዴም ከውሃ ውሃ ይለያያል። ለምሳሌ እንግሊዝ ውስጥ ከ13 ዓመት በታች የሆነ ልጅ በዘንግ ለማጥመድ ፈቃድ አያስፈልገውም፤ አብሮት የሚያጠምድ አዋቂ ግን ያስፈልገዋል። ወንዞቹ ደግሞ ዓሣ በሚራባበት ወቅት፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ከማርች 15 እስከ ጁን 15፣ ለአብዛኞቹ የዓሣ ዓይነቶች ዝግ ናቸው። እናንተ በምትሄዱበት ውሃ ፈቃድ ማን እንደሚሰጥ፣ ስንት ዘንግ እንደሚፈቀድ፣ የተያዘ ዓሣ ይወሰድ ወይስ ይመለስ እንደሆነ ሳትጠይቁ አትነሱ። ልጆቹ ዘንጋቸውን ከዘረጉ በኋላ «እዚህ አይቻልም» መባል ቀኑን ያበላሻል።

ከተቻለ አዋቂው ከአንድ ቀን በፊት ብቻውን ሄዶ ቦታውን ይይ። የሚፈለገው ዓሣ ያለበት ቦታ ብቻ አይደለም። ዳርቻው ለጥ ያለ፣ ከላይ ቅርንጫፍ ያልተንጠለጠለበት፣ ከእግር በታች የማይናድ መሆን አለበት። ውሃው ከዳር ቀስ እያለ የሚጠልቅ ቢሆን ይመረጣል። ጥላ የግድ ነው። መጸዳጃም ቅርብ ይሁን፤ ልጅ ያለው ሰው ለምን እንደሆነ ያውቀዋል።

ትናንሽ ዓሦች ዳር ይወዳሉ። የሸምበቆና የፊላ ጠርዝ፣ ውሃ ላይ የተንሰራፋ ቅጠል፣ የወደቀ ግንድ አካባቢ፣ የእንጨት መረማመጃ ሥር ይሰበሰባሉ። ሐይቅ ላይ ነፋሱ ወዴት እንደሚነፍስ ልብ በሉ። የላይኛውን ውሃ ከነምግቡ እየገፋ የሚያከማቸው ነፋሱ የሚነፍስበት ዳር ነው፤ ዓሣም ብዙ ጊዜ ወደዚያ ይከተላል። ፊት ለፊት እየነፈሰ ክር መወርወር ያስቸግራል፤ ያኔ ከጎን የሚነፍስበትን ቦታ ያዙ።

ወንዝ ላይ ደግሞ ፈጣኑና ዝግተኛው ውሃ የሚገናኙበትን መስመር ፈልጉ። ውሃው ላይ አረፋና ቅጠል እንደ ክር ተሰልፎ ሲሄድ ይታያል። ዓሣው ዝግ ባለው በኩል ጉልበቱን ቆጥቦ ይቆምና፣ ፈጣኑ ውሃ ይዞት የሚመጣውን ምግብ እየቀለበ ይበላል። ከድንጋይ ጀርባና ከወንዙ መታጠፊያ በውስጥ በኩል ያለው የረጋ ውሃም ለልጆች ጥሩ ነው።

በየትኛው ሰዓት?

ሙቀት ራሱ ችግር አይደለም። የዓሣ ሰውነት እንደ ውሃው ስለሚሞቅና ስለሚቀዘቅዝ በሞቃት ወራት የበለጠ ይንቀሳቀሳል፣ የበለጠም ይበላል። ችግሩ ኦክስጅን ነው። ጨው አልባ ውሃ 10 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ በሊትር 11 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ሊይዝ ይችላል። 30 ዲግሪ ሲደርስ ግን ወደ 7.5 ሚሊግራም ይወርዳል። ለዚህ ነው በቀትር ሙቀት ዓሣ ጥልቅ ውሃ ወይም ጥላ ውስጥ ገብቶ አፉን የሚዘጋው።

ስለዚህ ወይ ጠዋት ፀሐይ ሳትበረታ፣ ወይ ከሰዓት በኋላ ጀምሮ እስከ ማምሻ ሂዱ። ለቤተሰብ እኔ ማምሻውን እመርጣለሁ። ልጆችን በጨለማ ቀስቅሶ፣ እያለቃቀሱ አልብሶ ማውጣት የለም። በዚያ ላይ ሣርና አልጌ የሞላበት የረጋ ውሃ ኦክስጅኑ በጣም የሚያንሰው ልክ ንጋት ላይ ነው፤ ዕፅዋቱ ሌሊቱን ሙሉ ኦክስጅን ሲጠቀሙ ስለሚያድሩ። ዓሦች ውሃው ላይ አፋቸውን ከፍተው ሲያለከልኩ ካያችሁ የዚያን ዕለት ማጥመዱን ተዉት። የተጨነቀ ዓሣ ተይዞ ቢለቀቅ እንኳ ላይተርፍ ይችላል።

የቆይታው ጊዜ ሁለት ሰዓት፣ ቢበዛ ሦስት። ልጆቹ ገና ሳይሰለቹ ነው መነሳት ያለባችሁ። ከዚያ ካለፈ ረሃብ፣ ሙቀትና ድካም ይደራረቡና ወንድምና እህት ውሃ ቀጠነ ብለው መጣላት ይጀምራሉ።

ዕቃው

ለጀማሪ ልጅ ክር ማጠንጠኛ ያለው ዘንግ አትግዙ። ማጠንጠኛ የሌለው፣ ክሩ ጫፉ ላይ የሚታሰር ቀላል ዘንግ ይሻላል። ለትናንሾቹ ከሁለት ሜትር ተኩል እስከ ሦስት ሜትር፣ ከፍ ላሉት እስከ አራት ሜትር። የክሩ ርዝመት ከዘንጉ ትንሽ ይነስ። ያኔ ልጁ ዘንጉን ሲያነሳ መንጠቆው ወዛወዝ እያለ ወደ እጁ ይመጣለታል። መወርወርም ያን ያህል ትምህርት አይጠይቅም፤ መንጠቆው ወደ ፊት እንዲወዛወዝ አድርጎ ዘንጉን ዝቅ ማድረግ ነው።

ዋናው ክር ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት ኪሎ የሚችል ናይለን ይሁን። መንጠቆው የሚታሰርባት የመጨረሻዋ አጭር ክር ግን ከዋናው መቅጠን አለባት፣ አንድ ኪሎ የምትችል ያህል። አንድ ትልቅ ካርፕ ወይም አምባዛ ድንገት ቢይዝና ቢጎትት የምትበጠሰው እሷ ናት። ዓሣው ተንሳፋፊና ረጅም ክር እየጎተተ አይሄድም ማለት ነው።

የመንጠቆ ቁጥር ሲጨምር መንጠቆው ያንሳል። ለትናንሽ ዓሦች 16 ወይም 18፣ ለበቆሎ ፍሬና ለትል 12 ወይም 14 ውሰዱ። ከቁጥሩ በላይ የሚያስፈልገው ግን ሌላ ነው፦ ጫፉ ላይ ወደ ኋላ የምትመለሰዋ እሾህ የሌለችበት መንጠቆ። ከዓሣው አፍ ያለ ጣጣ ይወጣል። ከልጅ ጣትም እንዲሁ። እሾህ ያለው ብቻ ከሆነ ያላችሁ በፒንሳ ጨፍልቃችሁ አስተኟት። ልጅ ባለበት በዚህ አልደራደርም።

ተንሳፋፊው ቀጭንና ጫፉ ደማቅ ቀይ ወይም ብርቱካናማ ይሁን። ክሩ ላይ ትናንሽ ክብደቶች እየጨመራችሁ ጫፉ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ እስኪታይ አጥልቁት። ብዙዎች ይህን ይዘሉታል። ግማሹ ውጭ የቀረ ተንሳፋፊ ለትንሽ ዓሣ ይከብደዋል፤ ዓሣው የሚጎትተው ነገር እንደተሰማው ማባበያውን ይተፋል። ልጁም ቁጭ ብሎ «ዓሣ የለም» ይላል። ክብደቶቹ እርሳስ ከሚባለው ብረት የተሠሩ ባይሆኑ ይመረጣል። የውሃ ወፎች ጠጠር መስሏቸው ይውጡትና ይመረዛሉ። ብሪታንያ ከ1987 ጀምሮ አብዛኞቹን የእርሳስ ማጥመጃ ክብደቶች ከሽያጭ ያገደችው በዚሁ ምክንያት ነው። ክብደቱን በጥርስ ነክሶ ማጥበቅም ክልክል ይሁን።

ቀሪው ቀላል ነው። እጀታ ያለው ለስላሳ መረብ፣ መንጠቆ ማላቀቂያ፣ መቀስ፣ ሁለት ፎጣ፣ ተጨማሪ የታሰሩ መንጠቆዎች፣ የመጀመሪያ እርዳታ መስጫ፣ ከበቂ በላይ የመጠጥ ውሃ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ ቅያሪ ልብስ። ኮፍያና መነጽርም አይረሱ። መነጽሩ ለፀሐይ ብቻ አይደለም፤ በአየር ላይ ከሚወዛወዝ መንጠቆ ዓይን ያድናል።

ጥልቀቱን ለኩ

ልጆቹ ገና ወዲያ ወዲህ እያሉ ሳለ ይህን ጨርሱ። ከተንሳፋፊው አቅም በላይ የሆነ ክብደት መንጠቆው ላይ ስኩና ልታጠምዱበት ባሰባችሁት ቦታ ላይ አውርዱት። ተንሳፋፊው ጭራሽ ሰምጦ ከጠፋ፣ ከተንሳፋፊው እስከ መንጠቆው ያለው ክር ከውሃው ጥልቀት አንሷል፤ ተንሳፋፊውን ወደ ዘንጉ በኩል ግፉት። ውሃው ላይ ጋደም ካለ ደግሞ ክሩ በዝቷል፤ ወደ መንጠቆው መልሱት። ጫፉ ብቻ ብቅ ብሎ ቀጥ ሲል መንጠቆው ልክ ወለሉን ነክቷል። ተንሳፋፊው ያለበትን ቦታ ዘንጉ ላይ በፕላስተር ምልክት አድርጉበት። ክር ተበጥሶ እንደገና ስታስሩ እንደ አዲስ መለካት አይኖርባችሁም።

ከወለሉ መጀመር ጥሩ ነው። ምንም ካልነካ በየአሥር ደቂቃው አንድ አንድ ስንዝር ከፍ አድርጉ። በሞቃት ቀን ዓሦች ከወለሉ ተነስተው ውሃው መሃል ሊንሳፈፉ ይችላሉ፤ በተለይ ሐይቅ ላይ። ያኔ ክብደቶቹን ክሩ ላይ በታትናችሁ ማባበያው ቀስ ብሎ እንዲወርድ አድርጉ፤ እየወረደ እያለ ይቀልቡታል። ወንዝ ላይ ግን ፍሰቱ እንዳያንሳፍፈው ክብደቶቹ ወደ ታች ይሰብሰቡ። አንዲት ትንሽ ክብደት ብቻ ከመንጠቆው አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብላ ለብቻዋ ትቀመጥ።

ማባበያ

ትል፣ ዳቦና የታሸገ በቆሎ ካላችሁ ለማንኛውም ውሃ ይበቃል። ትሉን ልጆቹ ራሳቸው በዋዜማው ቆፍረው ያውጡ፤ ለብዙዎቹ ከማጥመዱ እኩል የሚወዱት ሥራ ነው። እርጥብ አፈርና ቅጠል ባለበት ክዳኑ የተበሳሳ ዕቃ ውስጥ አድርጋችሁ ጥላ ውስጥ አስቀምጡት። ፀሐይ ላይ ከዋለ ይሞታል፣ ይሸታል። ለትንሽ መንጠቆ ሙሉ ትል አትሰኩ፤ ሁለት ሴንቲ ሜትር ቁራጭ ይበቃል። ዳቦው ትኩስ ከሆነ የውስጡን ልስላሴ ቆንጥሮ መንጠቆው ላይ መጫን ነው። ደረቅ ከሆነ በጥቂት ውሃ ለውሳችሁ እንደ ሽንብራ ፍሬ አድቦልቡሉት።

ዓሣው እንዲሰበሰብ ውሃው ላይ የሚበተን ምግብም ያስፈልጋል። የዳቦ ፍርፋሪ በሐይቁ ወይም በወንዙ ውሃ አርሱና ሲጨብጡት የሚያያዝ፣ ውሃ ሲነካ የሚበተን አድርጉት። መጀመሪያ የብርቱካን ያህል ሁለት ሦስት ጨብጣችሁ ጣሉ። ከዚያ በኋላ በየሦስት አራት ደቂቃው ቆንጠር አድርጎ መጣል ነው፣ ሁሌም እዚያው ቦታ ላይ። ለትንሹ ልጅ ይህን ሥራ ስጡት፤ ግን በኩባያ መጥናችሁ ይሁን። አለዚያ ሙሉውን ባልዲ በአሥር ደቂቃ ይደፋዋል፣ ዓሣውም ጠግቦ የእናንተን መንጠቆ ዞር ብሎ አያየውም።

ወንዝ ላይ የሚበተነው ምግብ ከተንሳፋፊው ከፍ ብሎ፣ ውሃው ከሚመጣበት በኩል ይጣል። ፍሰቱ ወደ ታች ይዞት ይመጣል። ተንሳፋፊውም እንዲሁ ትንሽ ከላይ ይጣልና አብሮ ይውረድ። ልጁ በዘንጉ ጫፍ እየተከተለው ይሄዳል፤ ክሩ ሲያልቅ ያነሳና እንደገና ከላይ ይጥላል። የማያርፍ ልጅ ካላችሁ ከሐይቅ ይልቅ ወንዝ ውሰዱት።

ሲነካ

ይህችን ደቂቃ ከልጁ ጎን ተንበርክካችሁ አብራችሁ እዩ። መጀመሪያ የተንሳፋፊው ጫፍ ይንቀጠቀጣል፣ ዙሪያው ላይ ቀጭን ክብ ሞገድ ይወጣል። ዓሣው እየቀመሰ ነው። «ቆይ» በሉት። አንዴ፣ ሁለቴ ነቅነቅ ይላል፣ ይቆማል። ከዚያ ወደ ጎን ሸርተት ይልና ቀዩ ጫፍ ውሃ ውስጥ ይገባል። አሁን ነው።

ልጆች ሁሉ በዚህች ቅጽበት ዘንጉን በሙሉ ኃይላቸው ወደ ሰማይ ይነጥቁታል። ዓሣው ያመልጣል፣ ክሩ ከዛፍ ጋር ይተሳሰራል። ከቤት ሳትወጡ አለማምዷቸው፦ የእጅ አንጓን ብቻ ቀና ማድረግ፣ አንድ ክንድ ያህል፣ ከዚያ ዘንጉን አጥብቆ ይዞ መቆየት።

ተንሳፋፊው ሁልጊዜ አይሰምጥም። ዓሣው ማባበያውን ከወለሉ አንስቶ ወደ ላይ ከመጣ የክብደቱ ጫና ይቀንስና ተንሳፋፊው ከፍ ይላል፣ ወይም ጋደም ይላል። ይህም ነክሶ ነው፤ ይነሳ። ተንሳፋፊው እየደጋገመ ቢንቀጠቀጥና ማባበያው ብቻ ቢበላ ደግሞ አንድ ደረጃ አነስ ያለ (ቁጥሩ ከፍ ያለ) መንጠቆ እሰሩ፣ ማባበያውንም ቀንሱ።

ዓሣውን መያዝ

የዓሣ ገላ ከበሽታ የሚከላከልለት የሚያሙለጨልጭ ልባስ አለው። ደረቅ እጅና ደረቅ ጨርቅ ይገፈዋል። ስለዚህ ሕጉ አንድ ነው፦ መጀመሪያ እጅ ይረጥባል፣ ከዚያ ዓሣው ይነካል። ዝቅ ብላችሁ እርጥብ ሣር ወይም እርጥብ መረብ ላይ ያዙት፤ ቢያመልጥ እንዳይፈጠፈጥ። ስንጥቡ ውስጥ ጣት አይገባም።

ጀርባቸው ላይ እሾህ ያላቸው ዓሦች አሉ፤ ቆሮሶ አንዱ ነው። እጃችሁን ከጭንቅላቱ ጀምራችሁ ወደ ጭራው ብታንሸራትቱ እሾሁ ይተኛል። የአምባዛ ዓይነቶች ደግሞ የደረታቸው ክንፍ ጠንካራ እሾህ ስላለው ለልጅ አይሰጡም፤ አዋቂው ይያዛቸው።

መንጠቆው የሚወጣው በገባበት መንገድ ወደ ኋላ ነው። ጠልቆ ከተዋጠ መጎርጎር የለም፤ ክሩን አፉ አጠገብ ቁረጡና ልቀቁት። ፎቶ የሚነሳ ከሆነ ካሜራው አስቀድሞ ይዘጋጅ። ዓሣው ከውሃ ውጭ ከግማሽ ደቂቃ በላይ አይቆይ። ሲለቀቅ አይወረወርም። ውሃ ውስጥ ቀና አድርጋችሁ ያዙት፣ ወንዝ ከሆነ አፉን ፍሰቱ ወደሚመጣበት አዙሩለት። ራሱ ይነሳል። ይህን ሥራ ልጁ ይሥራው፤ ከጎኑ ሆናችሁ ልብሱን ያዙ።

ባልዲ ውስጥ አጠራቅሞ ማየት ልጆች ይወዳሉ። በሙቀት ጊዜ የባልዲ ውሃ ኦክስጅኑ ቶሎ ያልቃል፤ አንድ ዓሣ፣ አንድ ሁለት ደቂቃ፣ ከዚያ ይመለስ። የሚበላ ከሆነና ሕጉም ከፈቀደ ግን ወዲያው ጭንቅላቱን መትቶ መግደልና በረዶ ውስጥ ማስቀመጥ ነው እንጂ ፀሐይ ላይ እያንፈራገጡ ማቆየት ተገቢ አይደለም።

አደጋ

መስመጥ ድምፅ የለውም። ፊልም ላይ እንደሚታየው ጩኸትና መንጫጫት አትጠብቁ። ዋና የሚችል ልጅም ቢሆን ውሃ ዳር ላይፍ ጃኬት ይልበስ፤ በአየር የሚነፋ የመዋኛ መጫወቻ ምትክ አይሆንም።

የወንዝ ውሃ ድንገት ከደፈረሰ፣ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክሞ መምጣት ከጀመረ፣ ከላይ ዘንቧል ማለት ነው። እናንተ ጋ ሰማዩ ጥርት ያለ ቢሆንም ዕቃ ሳትለቅሙ ልጆቹን ወደ ከፍታ አውጡ። ከግድብ በታች ያለ ወንዝም ያለ ዝናብ ሊሞላ ይችላል።

የካርቦን ዘንግ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ከላይ የኤሌክትሪክ ገመድ ካለ ቢያንስ 30 ሜትር ራቁ፤ ዘንግ ተሸክሞ ከሥሩ ማለፍም አይቻልም። ነጎድጓድ ከሰማችሁ ዘንጉን ጣሉና መኪና ወይም ቤት ግቡ። ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ 30 ደቂቃ ሳይሞላ አትመለሱ።

ውሃው ላይ የፈሰሰ አረንጓዴ ቀለም የመሰለ ነገር ካያችሁ መርዛማ አልጌ ሊሆን ይችላል፤ ልጅም ውሻም አይንካው። ቢልሃርዚያ ባለበት አካባቢ ቀንድ አውጣ የሚኖርበት የረጋ ውሃ ውስጥ እግር መንከር የለም። አዞ ወይም ጉማሬ ያለበት ውሃ ደግሞ ለልጆች ውሎ አይሆንም፤ ሌላ ቦታ ፈልጉ። ቁስል በፕላስተር ይሸፈን፤ ከመብላት በፊት እጅ በሳሙና ይታጠብ። መንጠቆ ዓይን አጠገብ ከገባ ወይም እሾሁ ሥጋ ውስጥ ከሰመጠ አትጎትቱት። ክሩን ቆርጣችሁ ወደ ሐኪም ሂዱ።

ሲጨረስ

ከመነሳታችሁ አሥር ደቂቃ በፊት «ሦስት ጊዜ ብቻ ጥለን እንሄዳለን» በሏቸው። ድንገት «ተነሱ» ከማለት ይሻላል። መንጠቆዎቹ መጀመሪያ ይፈቱና ክዳን ባለው ዕቃ ይቀመጡ፤ ከዚያ ዘንጎቹ ይሰብሰቡ። የተቆራረጠ ክር አንድም አይቀር፤ ናይለን ለዓመታት ስለማይበሰብስ የወፍ እግር ያስራል። በመቀስ አድቅቃችሁ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ክተቱት።

የተረፈ ትል ውሃው ውስጥ አይደፋ፤ ወደ ተቆፈረበት አፈር ይመለስ። ከአንድ ውሃ የወጣ ዓሣ ሌላ ውሃ ውስጥ አይለቀቅ። መረቡንና ቦት ጫማውን እጠቡና ፀሐይ ላይ ሙሉ በሙሉ አድርቁ፤ ከአንዱ ውሃ ወደ ሌላው የዓሣ በሽታና አረም የሚዛመተው በእርጥብ ዕቃ ነው። ደግሞም በፌስታል ታስሮ መኪና ውስጥ ያደረ መረብ በማግስቱ ሽታው አያስቀርብም።